ፊልሙን ተረዱት?

መቼ እንደሆነ ቁርጡን ተናገር ብትሉኝ አልችልም። በርበሬው ተለቅሞ ይሁን ገና ማሳ ላይ ሳለ ተምታቶብኛል። የልጅ ልጄ ባሕር ዳር የፊልም ትምህርቷን የምትጨርስበት ዓመት መሆኑን ግን አልስትም። ለመመረቂያዋ የሠራችውን ፊልም በላፕቶፕ ይዛ ፍኖተ ሰላም እቤቴ መጣች። «እሑድ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ለአገር ሰው ይታያል፤ መጀመሪያ እርስዎ ይዩልኝ» አለችኝ።

እኔን የመረጠችው ያለ ነገር አይደለም። ፊደል ቆጥሬ ዳዊቱን ሳልጨርስ ወደ እርሻ የተመለስሁ ሰው ነኝ፤ ፊልም ግን እወዳለሁ። ቡሬ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሳለሁ መናኸሪያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት ነበር። ከሰዓት በኋላ እንቅልፌን ጨርሼ እዚያ እገባለሁ። የፈረንጁን ፊልም አንድ ልጅ በላዩ ላይ በአማርኛ እየተረጎመ ያወራበታል። መኪና ከድልድይ ይዘላል፣ ፎቅ ይጋያል፣ ሰውዬው ደሙን ጠርጎ ይስቃል። ደስ ይላል፣ አልዋሽም።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ዋናው ሰውዬ ወደ ግቢው ሲገባ መጀመሪያ የሚገድለው ዘበኛውን ነው። አንገቱን ጠምዝዞ ይጥለውና ያልፋል። ፊልሙ ይሄዳል፤ እኔ ከዘበኛው ጋር እቀራለሁ። ሬሳውን ማን አነሣው? ለሚስቱ ማን ነገራት? አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ኧረ የዘበኛው ቤተሰብ መርዶ ሰማ ወይ?» ብል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «አባት፣ እድር ያስገቡት እንጂ!» አለኝ አንዱ ከኋላ።

የልጅቱ ፊልም ደግሞ ሌላ ነው። አንዲት ተማሪ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣለች። ስልኳ ይጠራል። አባቷ መሞቱን ይነግሯታል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። አታለቅስም፣ አትናገርም። ዱርቤቴ ያልፋል፣ ቡሬ ያልፋል፣ ማንኩሳ ላይ ሰው ይወርዳል። መስኮቱ፣ ፊቷ፣ እንደገና መስኮቱ። እኔ ተቁነጠነጥሁ። ጋቢዬን አውልቄ መልሼ ለበስሁት።

ሲያልቅ «አባባ፣ ተረዱት?» አለችኝ።

ክው አልሁ። «ማንን? ደግሞ ማን ሞተ?»

በእኛ ዘንድ ሰው ተረዳ ከተባለ መርዶ ተነገረው ማለት ነዋ።

ሳቀች። «ፊልሙን ማለቴ ነው! ገባዎት ወይ?»

«እሱማ ገባኝ። መስኮቱ መልካም መስኮት ነው።»

«አባባ፣ ቅኔ አይዝረፉብኝ። ይንገሩኝ።»

«እንግዲያስ ልንገርሽ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ትንሽ አሞታልና ነይ ይባላል። የመጣው እራቱን በልቶ ይተኛል፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ተሰብስቦ ያረዳዋል። ይህን ያየ የአገር ሰው ባሕር ዳር ገብታ ወጉን ረሳች ይልሻል። ደግሞስ አባቷ ሞቶ የማታለቅስ ምን ዓይነት ልጅ ናት?»

ላፕቶፑን ከደነችው። «እኔ ነኛ» አለች።

አባቷ፣ ልጄ፣ ያረፈው እሷ ትምህርት ላይ ሳለች ነው። ቀብሩን ፈጽመን «አባትሽ አሞት ለሕክምና ደብረ ማርቆስ ሄዷል፤ ነይ» ብለን አስጠራናት። የለቅሶውን ቤት እንዳታይ እኔ ዘንድ አሳደርናት። እራት ያቀረብሁላት እኔው ነኝ። «አባዬ እንዴት ዋለ?» አለች። «ተሽሎታል» አልሁ። በላች። ጎህ ሲቀድ ሽማግሎቹ መጡ፤ አረዳናት። ጮኸች፤ ከመሬት ወደቀች። እኛም ወጉን አደረስን ብለን ተጽናናን።

«ሚኒባሱ ዱርቤቴ ሳይደርስ የሠፈር ልጅ ደውላ ነፍስ ይማር አለችኝ» አለች። «የሰማሁ መስሏት ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ያን ሁሉ ሽማግሌ ምን ልበለው? እርስዎስ እንጀራውን በእጅዎ እየቆረሱ ወደ እኔ ሲገፉ አንዴ እንኳ አልጎረሱ። አሳዘኑኝ።»

ፊልሙን እንደገና ክፈችው አልኋት። አሁን መስኮቱን ሳይሆን እጆቿን አየሁ። ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ ታዘዋውረዋለች።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም። እሑድ ታያለች።»

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የሚባል አጣሁ። የልጄ ሚስት በዚያ ሁሉ ኀዘን የምትጽናናው «ልጄን እንኳ በወጉ አረዱልኝ» እያለች ነው። ይህ ሲወሰድባት ምን ትሆናለች? ቡሬ ጉዳይ አለኝ ብዬ በሚኒባስ ሄድሁ፤ ጉዳይ አልነበረኝም፤ ተመልሼ መጣሁ። ልጅቱን ተዪው ልበላት እልና ያን መንገድ ብቻዋን ይዛው ትቅር ወይ ብዬ እመለሳለሁ። እናትዮዋን ቀድሜ ልንገራት ብዬ ደጇ ድረስ ሄጄ ስለ በርበሬ ዋጋ አውርቼ ተመለስሁ።

እሑድ አዳራሹ ውስጥ ከእናትዮዋ ጎን ተቀመጥሁ። መጀመሪያ የሌሎች ተማሪዎች ፊልም ታየ። የእንጨት ሽጉጥ ይዘው የሚንከባለሉ ናቸው። ተመትቶ የወደቀው ልጅ ካሜራው ያየው እንደሆን በአንድ ዓይኑ ይሰልላል። አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። ወጣት እንዲህ ያለውን መውደዱ አይደንቅም፤ እኔም ወድጄ ነበር። ግን ሞት እንዲህ ቀልሎ ሲጫወቱበት ያ ዘበኛ ትዝ ይለኛል።

ቀጥሎ የልጅቱ መጣ። ስልኩ ጠራ። መስኮቱ መጣ።

«ሹፌር፣ ንዳው እንጂ!» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ።

እኔ ልነሣ አልሁ። የልጄ ሚስት የጋቢዬን ጫፍ ይዛ «ይቀመጡ አባቴ፣ ከኋላ ያሉትን ጋረዷቸው» አለች። ዓይኗን ከሸራው ላይ አልነቀለችም።

መብራት ሲበራ ልጅቱ ከፊት ቆማለች። እናቷ ሄደች። የምትመታት መስሎኝ ተከተልኋት።

«ያን ቀን ሚኒባሱ ላይ ከጎንሽ ማን ነበር የተቀመጠው?» አለቻት።

«የማላውቃት ሴትዮ ናት፣ እማዬ። ሕፃን ይዛለች።»

«ምንም አላለችሽ?»

«ያዢልኝ አለችኝ። እስከ ቡሬ አቅፌው መጣሁ።»

«ደግ አደረገች» አለች የልጄ ሚስት።

ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚለበሰው ዘቅዝቃ ለበሰች። እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቱንም ከጎኗ አስቀመጠቻት። ከዚያ አንዲት አሮጊት ተነሥተው «እግዜር ያጥናችሁ» አሉና አጠገባቸው ተቀመጡ። ቅድም ሲስቅ የነበረውም ተከተለ። ልጅቱ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። አረዳሁ ብዬ ያላረዳሁ ሽማግሌ፣ ከኀዘንተኛው ይሁን ከአጽናኙ ወገን እንደምቀመጥ ጠፋኝ። የልጄ ሚስት ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። «እርስዎም ልጅዎ ነው የሞተው፤ ይምጡ» አለችኝ።

ሄጄ ተቀመጥሁ። ያን ቀን ያሻገረችኝ እሷ ናት፣ የልጄ ሚስት።