የግንበኞቹ ደመወዝ በፊደል

ታላቅ ወንድሜ የሞተበት ቀን እንደማንኛውም የሥራ ቀን ነበር። ሀርጌሳ ውስጥ የፈረሱ ትምህርት ቤቶችን በሚጠግን ድርጅት እሱ ሒሳብ ይይዝ፣ እኔ ጽሑፍ እመታ ነበር። ባለፈው ወር በክፍያ ማዘዣው ላይ የግንበኞቹን ደመወዝ በአኃዝ ሲያስተካክል በፊደል የተጻፈውን ሳይቀይረው ቀረ። ገንዘብ ያዡ ማዘዣውን መለሰበት፤ ሰዎቹም ሳምንት ሙሉ ሳይከፈላቸው ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ኤክሴል ላይ አኃዙን ራሱ ወደ ፊደል የሚቀይር ቀመር ይሠራ ነበር።

«ሚሊዮን ሲደርስ ይሳሳታል» አልኩት የዚያን ቀን።

«አንተ ሺህ ላይ ነው የምትሳሳተው፤ እሱ ይሻላል» ብሎ ሳቀብኝ።

አመሻሹ ላይ ወደ ቤት ሲሄድ መኪና ገጨው። በማግስቱ ቀበርነው።

ከቀብሩ ማግስት ጠዋት ቢሮ ገባሁ። የደመወዝ ቀን ነበር፤ ቀመሩን ጨርሶት ይሁን አይሁን ግን አላውቅም ነበር። ፋይሉን ከፍቼ ድምሩን አስገባሁ። ሚሊዮኑም ሺሁም በፊደል ወጣ። አላመንኩም። አንድ አኃዝ ቀየርኩ፤ ፊደሉም አብሮ ተቀየረ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ትክክለኛውን ድምር መልሼ አተምኩትና ለገንዘብ ያዡ ወሰድኩለት። አንብቦ ፈረመበት።