ሳያየው እንዳያልፍ የፈራው ቀን

አያ ሰውአገኝ አንድ ቦታ የሚረጋ ሰው አይደለም። በሚኖርባት በትክል ድንጋይ ከተማ ለቅሶ ቤት ሲገባ እንኳ በር አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ያውም በአንድ ጎኑ። ገብስ ሲያጭድም ቀና እያለ የጎንደሩን መንገድ ያያል።

«ምነው አንተ ሰውዬ፣ ጉንዳን ወረረህ?» ትለዋለች ባለቤቱ ሽታዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ታናሽ ወንድሙን አዳነን በእርሻ ድንበር ጠብ የገደለው ልዑልቃል ሞት ተፈረደበት። አያ ሰውአገኝም ጠመንጃውን ሰቅሎ የወንድሙን ደም ለመንግሥት ተወ። ግን አያቱ፣ ድሮ ገዳይ ለሟች ወገን ተላልፎ ይሰጥ እንደነበር አጫውተውታል። ስለዚህ ባይሰጡኝ እንኳ ሲገደል ቆሜ እንዳይ ይጠሩኛል ብሎ አመነ። ካልጠሩትስ? ሳያይ ቢያልፍስ? በየሦስት ወሩ ሚኒባስ ተሳፍሮ ጎንደር ይሄድና ማረሚያ ቤቱ በር ላይ «ቀኑ ተቆረጠ?» ይላል። «ገና ነው» ይሉታል። ይመለሳል።

ባለፈው የካቲት በሩ ላይ የጠበቀችው ፀደይ የምትባል አዲስ ፖሊስ ናት። የልዑልቃል ቀን ተቆርጦ እንደሆነ ጠየቃት።

«የምን ቀን፣ አያ? ርእሰ ብሔሩ ካልፈረመበት ቀን የለውም። ቢፈረምም በዝግ ነው፤ ሰው አይጠራበትም።»

ፊቱ ሲለዋወጥ አይታ የእስረኛው ዘመድ መሰላት። አዘነችለትና፣ «ተይው» ሊላት ሳይደርስ ልዑልቃልን አስጠራችው።

በሽቦው ማዶ የመጣው ሰው ጠጉሩ ሸብቷል። አያ ሰውአገኝን ሲያይ ክው አለ።

«አያ ሰውአገኝ! ሰማህ እንዴ? መቼ ነው?»

«እኔን ነው የምትጠይቅ?»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ? ለእኔ አይነግሩኝ። ጠዋት ጠዋት ቁልፍ በተንቀጫቀጨ ቁጥር ዛሬ ነው እላለሁ። የእስረኛ ቆጠራው እስኪያልቅ እህል አይወርድልኝም።»

አያ ሰውአገኝ ሽቦውን ያዘ፣ ለቀቀ፣ መልሶ ያዘ። አሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀመው ስድብ ነበረው።

«አልሰማሁም» አለ።

«ቀድመህ ከሰማህ ንገረኝ። በአዳነ አጥንት።»

«የሱን ስም በዚያ አፍህ አታንሣ!» ጮኸ። ፖሊሶቹ ዞሩ። ልዑልቃል አንገቱን ደፋ፤ ግን አልሄደም፤ መልስ ይጠብቃል።

«እነግርሃለሁ» አለው አያ ሰውአገኝ።

ሲወጣ ፀደይ ዘንድ ቆመ። «አንቺ ልጅ፣ ሲፈረም ስልክ ትመቺልኛለሽ?»

«ለማየት ከሆነ አይሆንም አልኩዎ እኮ፣ አያ።»

«ለማየት አይደለም። ቃል ሰጥቻለሁ።»

«እኔም የምሰማው ካለቀ በኋላ ነው።»

ጋቢውን አጣፋ። ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ተመለሰ።

«በሳምንት ስንት ቀን ነው እስረኛ የሚጠየቀው?» አላት።