ገመዱ አንዴ ሲሳብ

ጎብዬ ገበያ የቃጫ ገመድ የሚሸጥበት ጥግ አለ። እዚያ ስደርስ ዞሬ ነው የማልፈው። ሽታው ወደ ዘጠኝ ዓመቴ ይመልሰኛል፤ ወደ ቆቦ፣ ወደ ደርግ ጊዜ።

አባቴ ጠላቂ ነበር። በጉርምስናው የወደብ ሥራ ፍለጋ ምጽዋ ሄዶ፣ እግሩ ላይ ድንጋይ አስሮ፣ ትንፋሹን ይዞ ከባሕር ሥር ዕንቁ ያለበትን ዛጎል ሲለቅም ኖረ። ከጓደኞቹ ብዙዎቹን ባሕሩ አስቀርቷቸዋል፤ ከእሱ የወሰደው የጆሮውን መስማት ነው። እዚያ ጦርነቱ ሲብስ ወደ ቆቦ ተመልሶ እናቴን አገባ። ከእኔ ጋር ሲጫወት ወገቡን በነጠላ አስሮ አልጋ ሥር ይገባል፣ ጫፉን እኔ እይዛለሁ። ባሕር ላይ እንደለመደው፣ አንዴ ከሳበ ጎትቺኝ ማለቱ ነው። እጎትተዋለሁ፣ እሱም በእኔ ጉልበት የወጣ መስሎ ይወጣል።

አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ የውሃ ፓምፕ ትልቁ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ማሽላው እየደረቀ ነው። ባሕር የለመደ ሰው እያለ ምን እንጨነቃለን ተባለና አባቴ ተጠራ። ገመዱን የያዘለት የእናቴ ወንድም አጎቴ ሰይድ ነው፣ የታወቀ ጉድጓድ ቆፋሪ። የእኛ አገር ቆፋሪ ታች ሆኖ አንዴ ከሳበ "ገመድ ልቀቅልኝ" ማለቱ ነው፤ ሁለቴ ሲስብ ነው የሚያወጡት። ሁለቱም ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፣ ምን ብለው ይጠያየቃሉ።

አባቴ ቢስሚላህ ብሎ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ገመዱ አንዴ ተሳበ። አጎቴ ገመድ ለቀቀለት።

"አጎቴ፣ ጎትተኝ እያለህ ነው" አልኩት።

አጠገቤ የቆመችው አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "ኧረ አንቺ ልጅ፣ ትልቅ ሰው በሚሠራበት አፍሽን ያዢ።"

አፌን ያዝኩ። ቆይቶ ገመዱ እንደገና አንዴ ተሳበ፣ አጎቴም ጨመረለት። እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ አልተሳበም።

የላላው ገመድ ከፓምፑ ጋር ጠላልፎት ነበር። አሥር ሰው ሆነው ሲጎትቱ አባቴም ፓምፑም አንድ ላይ ወጡ። ሰዎቹ ኢና ሊላሂ አሉ። በዚያው ቀን ተቀበረ። ማሽላው በዚያ ፓምፕ ውሃ ደረሰ፣ እኛም በላን።

አላለቀስኩም። ልጅ ናት፣ አልገባትም አሉ። ገብቶኝ ነበር። አጎቴ እስኪሞት ድረስ ያልኩትን አላነሳብኝም፣ እኔም አላነሳሁበትም። ዛሬም ሳስበው ደንዝዤ እቀራለሁ እንጂ እንባ አይመጣልኝም።

ጉድጓዱ አሁን ተደፍኗል፤ ውሃ በቧንቧ ነው የሚመጣው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንግዳ ተቀምጦ ስናወራ መሃል እየገባች ተሳስታችኋል ትላለች። እናቴ "ይህችን ልጅ ምነው ብትቀጫት" ትለኛለች። እኔ ወሬዬን አቋርጬ እስክትጨርስ እሰማታለሁ።