በርበሬ ሻጯን የነከሳት ቡችላ

ያን ቀን ጋፋት ባለው ግቢያችን የነበርነው እኔ፣ ትንሿ ልጄ፣ አማቴ፣ ከአንበሳሜ በኩል መጣሁ ያለች በርበሬ ሻጭ፣ እና ቡናማው ቡችላችን ነበርን። ሌላ ሰው አልነበረም።

ሴትዮዋ በርበሬውን ስትሰፍርልኝ ቡችላው ድንገት ተነሥቶ ባቷን ነከሳት። ትንሽ ደም ብቅ አለ።

«ስፍሩን ብታጎድይ ነው» አሉ አማቴ እየሳቁ።

«እናቴ፣ አንቱ ያስተማሩት ውሻ ምን ያድርግ» አለች እሷም። «እንግዲህ ጠጉሩን ሳትሰጡኝ ንቅንቅ አልልም።»

በእኛ አገር ውሻ የነከሰው ሰው የዚያኑ ውሻ ጠጉር አሳርሮ ቁስሉ ላይ ያደርጋል። ባለ ውሻው ጠጉሩን ቢከለክል ነውር ነው። እኔም ነውሩን ፈርቼ ከጅራቱ ሸለትኩ፤ ገል ላይ አሳርሬ በለጋ ቅቤ ለወስኩና በገዛ እጄ ቀባኋት። ከዚያ እጄ ውሻ ውሻ እንዳይሸት ልጄ ውኃ እያፈሰሰችልኝ በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ። ሳሙናውን ያስቀመጥኩት ከሴትዮዋ እግር አጠገብ ነበር። እሷ መርቃን ዘንቢሏን ተሸክማ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ ቡችላው መዋጥ አቃተው። ለሃጩ ይዝረበረብ፣ ያገኘውን እንጨት ይነክስ ጀመር፤ በመጨረሻም ሞተ። በዚያው ሰሞን ልጄ ወድቃ ጉልበቷ ተልጦ ነበር፤ ቡችላው ከመሞቱ በፊት እሱን ሲልሳት አይቻለሁ። ወዲያው ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ነርሷ የተላጠውን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ረጅም ጊዜ አጠበችው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ጀመረችላት።

«ሌላ የነከሰው ሰው አለ?» አለችኝ።

የጠጉሩን ነገር ሳልደብቅ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም።

«እንደተነከሰች መታጠብና መከተብ ነበረባት። ቁስሉ ቢድንም ሕመሙ ሳይነሣ ትምጣ። ከተነሣ መድኃኒት የለውም። ስሟ ማነው?»

ስሟን አልጠየቅኳትም ነበር።

አንበሳሜ ገበያ ሄጄ በርበሬ ተራውን ዞርኩ። «እዚህ በርበሬ የማይሸጥ ማን አለ ብለሽ ነው?» አሉኝ። ልጄ ክትባቷን ጨርሳለች። ስትጫወት ሳያት እፎይ እላለሁ፤ ወዲያው ያቺ ሴት ትመጣብኛለች። እሷንም ደጅ ደጁን እያዩ የሚጠብቋት ልጆች ይኖሯት ይሆናል።

ረዘም ያለች፣ ድዷ የተነቀሰ፣ ጋፋት ላይ ግራ ባቷን ቡችላ የነከሳት በርበሬ ሻጭ የምታውቁ ካላችሁ፣ ቁስሏ ቢሽርም ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዷት። እንዴት እንዳለችም እባካችሁ ላኩብኝ።