ኤርሳዶ የዋሸበት ጎማ

ኤርሳዶ መዋሸት አይችልበትም። ሶዶ ከተማ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ መካኒክ ሆኖ ሲኖር ያልተሠራውን ተሠርቷል፣ የተሠራውንም አልተሠራም ብሎ አያውቅም፤ ይህን ወዳጁም ጠላቱም ይመሰክርለታል። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ በስተርጅና በአንድ ጎማ የተነሳ ዓይኑን በጨው አጥቦ አስራ ሁለት ቀን የዋሸው። እንዴት ብትሉ፣ ልንገራችሁ።

ጋራዡ ወደ አረካ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለች የቆርቆሮ ዳስ ናት። አዳዲሶቹ መኪኖች በኮምፒውተር ወደሚመረምሩት ይሄዳሉ፤ እሱ ጋ የሚመጡት አሮጌዎቹ ናቸው። ከሥራ ሁሉ የሚወደው የፊት ጎማ ኩሽኔታ ነው። በቤንዚን አጥቦ ያደርቀውና ግራሶውን መዳፉ ላይ ቆልሎ፣ በየስንጥቁ ሰርጎ በወዲያኛው በኩል ብቅ እስኪል ድረስ ያጠጣዋል። ከዚያ ጎማውን እያሽከረከረ ዳዶውን ያጠብቅና መልሶ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ያላላዋል። ይህም ሆኖ ሥራው አላለቀም። ባለመኪናው ይነዳል፣ ኤርሳዶ ጎኑ ይቀመጣል፤ ከከተማ ሲወጡ ያስቆምና ወርዶ የጎማውን እምብርት በመዳፉ ይዳብሳል። ለብ ካለ ደህና ነው። ከፋጀ ጠብቋል ማለት ነው።

ይህን ልማድ ያስተማረው ጥፋት ነው። ወጣት ሳለ የመምህር ወልደመስቀልን ቮልስ ሲሠራ፣ የመምህራችን ጎማ እንዳይወልቅ ብሎ ዳዶውን ባለ በሌለ ኃይሉ ጠረቀመው። ወደ ቤሌ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ኩሽኔታው ነደደ። ሌላ ሰው ቢሆን ከሥራ ያስባርረው ነበር። ጋሼ ወልደመስቀል ግን በጭነት መኪና ተሳፍረው ተመለሱና ለጋራዡ ባለቤት አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ኤርሳዶን ወደ ዳር ሳብ አድርገው፣ "ለእኔ ሳስተህ ነው ያጠበቅኸው። ሁለተኛ ግን መልሰህ አላላው" አሉት። ኤርሳዶ ያን ቀን አልቅሷል። ከዚያ ወዲህ ያችን ቮልስ ሌላ እጅ ነክቷት አያውቅም።

ዘንድሮ ጋሼ ሰማንያ አንድ ሞላቸው፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ቮልሷ የቀኝ የፊት ጎማዋ እየጮኸ መጥታ፣ ኤርሳዶ በክሪክ ባነሳት ዕለት ልጃቸው ሰናይት በምሳ ሰዓት ከቢሮ መጣች።

"ጋሼ ኤርሳዶ፣ አባዬ ካሁን በኋላ ከነዳ ወይ ሰው ይገድላል፣ ወይ ራሱ ይሞታል። ስንቴ ነገርኩት፣ አልሰማ አለኝ። የእርስዎን ቃል ግን ያምናል። ዕቃው ጠፋ፣ ገና ነው ይበሉልኝ፣ እስኪረሳው ድረስ" አለችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አንጀቱን በላችው። እሺ አለ።

ጎማውን ግን በዚያው ቀን ሠራው። አይ ኤርሳዶ! ለመዋሸት እንኳ ሥራ ማሳደር አይሆንለትም። ያልተሠራች እንድትመስል ቮልሷን ክሪክ ላይ እንደተንጠለጠለች ተዋት።

ጋሼ የሚረሱ ሰው አይደሉም። ጠዋት ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ይመጡና በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ "እንዴት ሆነች?" ይላሉ። አንድ ቀን ኩሽኔታው ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው። ሌላ ቀን የመጣው አልገጠመም። ኤርሳዶ የትናንቱን ውሸት ማስታወስ እያቃተው ሄደ። እህል አልወርድ አለው፤ ሚስቱ ወይዘሮ አዛለች፣ ታሟል ብላ የጸሎት ሰዎች ልትጠራለት ደርሳ ነበር።

በአስራ አንደኛው ቀን ጋሼ እንደወትሮው ጠየቁ። "ቦምቤ ያለው ወዳጄ ጥጋቡ ታሟል" አሉ ከዚያ። "መጀመሪያ የተመደብኩት እዚያ አይደል? አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ያስተማርን ነን። ሳልሞት ልየው ብሎ ልኮብኛል።"

"በሚኒባስ ቢሄዱስ?"

"ሃምሳ ዓመት በራሴ መኪና ነው የሄድኩት። የቮልሴን ክላክስ ሲሰማ ነው በሩን የሚከፍተው።"

ኤርሳዶ አንገቱን ደፋ። የሚጠብቅ በሽተኛ መኖሩን ቢያውቅ ኖሮ እሺ ባላለ ነበር።

በማግስቱ ጋሼ በርጩማው ላይ አልተቀመጡም። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጎማውን ላይና ታች ይዘው ነቀነቁት። ከዚያ አሽከረከሩት፤ ጎማው ድምፅ ሳያሰማ ዞሮ ዞሮ ቆመ። ዓይናቸው ቢደክምም እጃቸው አልደከመም።

"መቼ ነው የሠራኸው?"

"ቮልሷ የመጣች ዕለት።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ! ኤርሳዶ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ጋሼ ግን አልተቆጡም።

"ሰናይት ናት?" አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሷም እንዳንተው ናት። ስለምትሳሳልኝ አጠበቀችው። ደውልና አስራ ሁለት ቀን ሙሉ እንደዋሸኸኝ ማወቄን ንገራት። ከዚያ ቁልፌን አምጣ።"

ደወለ። ሰናይት በስልክ ውስጥ ስታለቅስ ሰማት። ቮልሷን ከክሪክ አወረደ፣ ቁልፉን ሰጠና እንደ ልማዱ ጎናቸው ተቀመጠ፤ ግራ እጁን ግን ከእጅ ፍሬኑ ላይ አላነሳም።

ከከተማው ሳይወጡ አንዲት ሴት የእንሰት ቅጠል ተሸክማ መንገድ ስታቋርጥ ጋሼ አላዩዋትም። ኤርሳዶ የእጅ ፍሬኑን ሳበው። ቮልሷ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ሴትዮዋ ሸክሟን አስተካክላ፣ የሹፌሩን ሽበት አየችና ምንም ሳትል አለፈች።

ከከተማው ሲወጡ ጋሼ መኪናዋን አቁመው፣ "የመዳበሻው ቦታ ደርሰናል" አሉ። ኤርሳዶ ሲወርድ እሳቸውም ወረዱ። መኪናዋን እየተደገፉ በፊት ዞረው መጡና በቀኙ ጎማ አጠገብ ተንበርክከው መዳፋቸውን እምብርቱ ላይ አሳረፉ።

"ለብ ብሏል። ደህና አድርገህ ሠርተኸዋል" አሉ። እዚያው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ኤርሳዶን ተደግፈው ተነሱና ወደ ሹፌሩ በር አልተመለሱም፤ ያጠገባቸውን የቀኙን በር ከፍተው እሱ የነበረበት ቦታ ተቀመጡ።

"ንዳ" አሉት።

ኤርሳዶ ዞሮ መሪውን ያዘ። መንገዱ በእንባው ውስጥ ድብዝዝ አለበትና ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

"ቦምቤ ስንደርስ ግን" አሉ ጋሼ፣ ወደፊት እያዩ፣ "ክላክሱን የምነፋው እኔ ነኝ።"

"እርስዎ ነዎት እንጂ፣ ሌላ ማን ሊነፋው ነው" አለ ኤርሳዶ።