ከሲጋራ ፓኮ የወጣው አበሻ

ሥራዬን ሊያሳጣኝ የነበረው ካርድ የክብሪት ቀፎ ቢያክል ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በስደት አገር፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አስታምም ነበር። ከአያታቸው የወረሷቸው ሃምሳ ካርዶች ነበሯቸው፤ ከመቶ ዓመት በፊት በየሲጋራው ፓኮ ውስጥ እየተከተቱ ይሸጡ የነበሩ ባለቀለም ሥዕሎች።

«ያኔ ድሃ ሰው ዓለምን የሚያየው ሲጋራ ሲገዛ ነበር» ይሉኛል።

ለእያንዳንዱ አገር አንድ ካርድ ደርሶታል። እንግሊዛዊቷ ጽጌረዳ ይዛለች። የኛው ሰውዬ ጦር ጨብጦ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ከአንበሳ ጋር ቆሟል። ካርዱ ጀርባ ላይ «ደፋር ግን ሰነፍ ሕዝብ» ይላል። ደሜ ፈላ! ሠዓሊው አንድም አበሻ አይቶ እንደማያውቅ እምላለሁ፤ ጫማው እንኳ የቱርክ ነው። ያ ዘመን ግን ማን እንደሠለጠነ፣ ማን አውሬ እንደሆነ የተማረው ከዚህ ነው።

ቢሆንም የካርዱ ጠርዝ መላላጥ ሲጀምር አላስችል አለኝ። እኛ ቤት የሚወደድ ወረቀት ሁሉ፣ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬትም የማርያም ሥዕልም፣ በላስቲክ ይለበጣል። ሳልነግራቸው ይዤው ሄድኩና እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አስለበጥኩት። ዓርብ ጠዋት ከቦታው መለስኩት፤ ሲያዩት ይመርቁኛል ብዬ።

ያን ቀን ልጃቸው ካርዶቹን የሚገዛ ሰው ይዛ መጣች። እሷ ይሸጥ፣ እሳቸው አይሸጥ እያሉ ለሳምንታት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፤ በመጨረሻ ሽማግሌው ደክሟቸው መከራከሩን ትተው ነበር። ገዢው ጓንት አጠለቀ። ካርዶቹን በወረንጦ አንድ በአንድ ሲያነሳ ትንፋሹን እንኳ ወደ ጎን ነው የሚተነፍሰው። ምን እንዳጠፋሁ ያኔ ገባኝ።  አበሻው ጋ ሲደርስ ወረንጦው አዳለጠው።

«ይኼን ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አንዱ እንዲህ ላስቲክ ተጣብቆበት ከተበላሸ ስብስቡ አይፈለግም ብሎ ጓንቱን አወለቀ። የልጅቷ ፊት ቀላ።

«ከሃምሳው ይኼን ብቻ ለምን?»

«የኛ ስለሆነ ነዋ። ስድብም ቢሆን የኛ ነው።»

 ሌላ ሥራ የለኝም፤ ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ ሆነብኝ።

«ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው ይመጣል» አለችኝ።

 ሽማግሌው የቀሩትን አርባ ዘጠኝ ካርዶች ሰብስበው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱና ሳጥኑን አስያዙኝ።

«ሰኞ ስትመጪ» አሉኝ ልጃቸውን እያዩ፣ «እነዚህንም አስለብጪልኝ።»