በፋሲካ ያልተፈታ ጾም

የልጄ የሜሮን ሕመም የጀመረው በዐቢይ ጾም ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ትመጣና ትተኛለች፤ እስኪመሽ እህል አትቀምስም። የአቃቂ ጎረቤቶቼ «ታድለሽ፣ እንዲህ ያለች ጿሚ!» ይሉኛል። እኔም ከክር ፋብሪካ ስመለስ ሙገሳውን ደረቴን ነፍቼ እቀበል ነበር።

ፋሲካ ሆነ። ዶሮ ወጡ ቀረበ። ሜሮን አልበላችም። አጎረስኳት። ጉርሻውን በአፏ ይዛ አለቀሰች። ጾም እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

ጎረቤት «ጸበል ውሰጃት» አለ። የነፍስ አባታችን ግን አይተዋት፣ «ጸበሉ የትም አይሄድም፤ ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው። ነገውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ» አሉ። ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፈን፣ የባቡሩ ሀዲድ ሲነጠፍ በሚነሣው አቧራ መሀል ታክሲ እየቀያየርን ሆስፒታል ደረስን። «ቀጠሮ ሞልቷል» አሉን። እኔ ደግሞ በቀላሉ የምመለስ ሴት አይደለሁም። ቁጭ አልኩ። ከሰዓት አስገቡን።

የአእምሮ ሐኪሟ፣ ሳይካትሪስቷ፣ ልጄን ለብቻዋ ካነጋገረች በኋላ እኔን ጠራችኝ።

«ዲፕሬሽን፣ የድብርት ሕመም ነው፤ ይታከማል። እርስዎም ስለ ሞት ታስብ እንደሆነ ይጠይቋት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም።»

ኮሪደሩ ላይ ጠየቅኳት። መልሱን ፈርቼ ነበር። ግን ጠየቅኳት።

«አዎ፣ እማዬ» አለች።

እጇን ያዝኩ። አልለቀቅኩም።

ከዚያ በኋላ ዶክተሯ ያዘዘችውን የድብርት መድኃኒት፣ ፍሉኦክሰቲኑን፣ በየጠዋቱ በእጄ እየሰጠኋት፣ ለምክር ሕክምናውም ሳናስተጓጉል እየተመላለስን፣ ሳምንታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ከወንድሟ ጋር በሪሞት ስትጣላ ሰምቼ በደስታ ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም። ፍልሰታ ሲገባ ልጹም አለች፤ ደነገጥኩ። የነፍስ አባታችን ግን «የዘንድሮ ጾምሽ መብላት ነው» ብለው ገላገሉኝ።

ልጃችሁ እህልም ጓደኛም ካስጠላው «ሲያድግ ይተወዋል» አትበሉ፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሪፈር ጠይቁ። ቢመልሷችሁ እንደገና ሂዱ። ሲሻለውም መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። ጸበሉንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል፤ እኛ አድርገነዋል።

ዶክተሯንና የነፍስ አባታችንን አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ሜሮንን ነው። «ምንም የለም» ብላ ልትሸኘኝ ትችል ነበር። እውነቱን ነገረችኝ። ይኸው አለችልኝ።